በአጥሩ የሚመለሰው ማንጎ

ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡና «ዳኛው ይነሱልኝ ብለሽ ጻፊልኝ፤ የባላጋራዬ አበልጅ ናቸው» ሲሉኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ የረሳሁት ማንጎ ከመብሰል አልፎ ኖሮ ሽታው ድንገት ክፍሉን ሞላውና እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ አሶሳ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል የሰው አቤቱታ የምጽፍ ሰው ነኝ። መቀመጥ አይሆንልኝም፤ አንድ ገጽ እስክጨርስ ሦስቴ ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ። ስለ ዳኛ መነሳት ግን እንዲያስረዳኝ የምፈልገው ጠበቃ የለም። በአሥራ አንድ ዓመቴ አንድ ዳኛ ከወንበራቸው አስነስቻለሁ።

ጋሽ ዳኛ፣ ስማቸውን ሰፈሩ ውስጥ የሚጠራ አልነበረም፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ከአዲስ አበባ ሲመጡ ከእኛ ግቢ በቀርከሃ አጥር የተለየችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ሚስትና ልጆቻቸው እዚያው ቀርተዋል። እናቴ ወላጆቿ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ይዘውት በመጡት ደንብ ሰሃን ሙሉ ምግብ ሰደደችላቸው፤ ሰሃኑ እንደተከደነ ከብዙ ምስጋና ጋር ተመለሰ። በእኛ ሰፈር የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ በራሱ ምግብ ሞልቶ ሲመለስ ግን ያየ አልነበረም። እናቴ ሳምንት አኮረፈች። የበርታዋ ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ደግሞ እየሳቀች «ይሄ ሰውዬ ሆድ የለም እንዴ? ወላሂ፣ ፍርድ ብቻ ይበላል!» አለች።

ከዚያም ማንጎው መጣ። የእኛ ዛፍ ግማሹ ቅርንጫፍ እሳቸው ጣሪያ ላይ ነው፤ በማንጎ ወቅት ሌላ ሰው የወደቀውን ለፍየል ይሰጠዋል፣ እሳቸው ግን የወደቀውን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ለቅመው፣ አጥበው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እኛ በኩል አሳልፈው ድንጋይ ላይ ይደረድሩታል። ለቅሶ ቤትም ሄደው ከአግዳሚው ጫፍ ይቀመጣሉ፣ ንፍሮውን በእጃቸው ምልክት ያሳልፉታል። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውም ጉዳይ ሊያስጨርስ ነው እንዳይባል ጥቂት ቆይቶ ይነሳል። ማታ ማታ በአጥሩ ቀዳዳ ሳያቸው፣ ትንሽዬ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ፣ ተቃራኒው ወንበር ላይ መዝገብ ተቆልሎ፣ ያኔም ቢሆን ደስ አይለኝም ነበር።

አንድ ቀን ማንጎው አልተደረደረም። አጥሩን ዘልዬ ስገባ ወባ ጥሏቸው ኮት ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ሳልጠይቅ ማንጎ ልጬ፣ ቆራርጬ፣ አፋቸው አጠገብ ያዝኩት። አዩኝ፣ ማንጎውን አዩት፣ እንደገና አዩኝና በሉ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የበራቸው ደፍ ላይ ቁጭ እል ነበር፤ የሲቪክስ የቤት ሥራዬን ያርሙልኛል፣ አንድ ማንጎ፣ አንድ ብቻ፣ ከእጄ ይበላሉ። በወረዳ ዳኝነት ጀምረው በአራት ከተማ እንደሠሩ፣ በአራቱም ሰርግ ተጠርተው እንደማያውቁ የነገሩኝ ያኔ ነው። ተገርሜ «ታዲያ ምን ይሠራሉ ቅዳሜ?» ስላቸው «ልብሴን አጥባለሁ» አሉኝ።

የማንጎው ወቅት ሳያልቅ አጎቴ ሰይድ በሱዳን ድንበር መንገድ ካለችው ሆሞሻ ሲመለስ፣ በሚነዳው አይሱዙ ላይ ከሰሊጡ ጆንያ ሥር ኮንትሮባንድ ተገኘ ተብሎ ታሰረ። ጭነቱን እንደማያውቅ ይምላል። እናቴ አላለቀሰችም፤ «አብሽሩ፣ ዳኛው የልጄ የዘሃራ ወዳጅ ናቸው» እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። በቀጠሮው ቀን ዩኒፎርሜን አስለብሳ ከፊት አስቀመጠችኝ፣ እንዲያዩኝ።

ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ገቡ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ አላዩኝም። «የተከሳሹ ቤተሰብ ጎረቤቶቼ ናቸው» አሉ፣ የወባውን ጊዜ በሚመስል ድምፅ። «ከእጃቸው በልቻለሁ። ከዚህ ችሎት ተነስቻለሁ።» አጎቴ ወደ እስር ቤት ተመለሰ። ሌላ ዳኛ እስኪመደብ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ።

«አንቺና ማንጎሽ!» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ስንቅ በምንቋጥርበት ጠዋት ሁሉ። እኔ ደግሞ እሳቸውን ጠላሁ፤ ከመንገድ ማዶ ሲያዩኝ ዞሬ እሄዳለሁ። አዲሱ ዳኛ መስከረም ላይ አጎቴን በነፃ አሰናበቱት። ቤት ሲገባ ያወራሁለትን የጥላቻ ወሬ ሁሉ ሰምቶ «ሞኝ ነሽ» አለኝ። «እሳቸው ቢለቁኝ አሶሳ በሙሉ ‹ማንጎ በልተው ፈቱት› ነበር የሚለው። አሁን በነፃ የወጣሁት በራሴ እውነት ነው።»

ገብቶኛል፣ ግን ሄጄ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ነገ እያልኩ ቀጣዩ የማንጎ ወቅት ደረሰ፤ እሳቸው ድንጋዩ ላይ ይደረድራሉ፣ እኔ አፍሬ ሳላነሳው እዚያው ይበሰብሳል። አንድ እሁድ መኪና መጥቶ ፍራሻቸውንና የመጽሐፍ ካርቶን ጫነ። ተዛውረዋል። እኔ ዛፉ ላይ ነበርኩ። ግቢውን ዞረው አዩት፣ የወደቀ አንድ ማንጎ አነሱ፣ በልማዳቸው ወደ አጥሩ ቀዳዳ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ። በራችንን ጥቂት አይተው ቀና አሉና ማንጎውን ኮት ኪሳቸው ከተቱት። ከእንግዲህ እዚህ የሚፈርዱት ጉዳይ የለም። «ጋሽ ዳኛ» ብል ይሰሙኝ ነበር። መኪናው እስኪሄድ ቅርንጫፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አሁን ያንን ቤት የያዙት ተከራዮች የወደቀውን ሳይጠይቁ ይበላሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። ድንጋዩ ላይ ሣር በቅሏል።

የሽማግሌውን አቤቱታ ጨርሼ ማንጎውን ላጥኩና ግማሹን ሰጠኋቸው፤ «ተባረኪ» ብለው ወዲያው ጎረሱት። ከጋሽ ዳኛ ወዲህ ማንጎ ሰጥቼው እምቢ ያለኝ ሰው የለም። መዘዙን እያወቀ ከእጄ የበላ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።