ከሰማይ ላይ የጠራሁት ስም

«ከዛሬ ጀምሮ የማን ልጅ ነሽ ሲሉሽ የእኔን ስም እንዳትጠሪ።»

ይህን ፊት ለፊቴ ቆሞ ያለኝ አባቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ቤታችን ሽማግሌ ተልኮ ነበር። እኔም ከጓዳ ወጣሁና «ልጁ ይሄን ያህል ደግ ከሆነ ለምን እናንተ አታገቡትም?» አልኳቸው። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። አባቴ ያን ቃል የተናገረው ያኔ ነው። በማግስቱ ልብሴን በፌስታል ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙ ከአፌ አልወጣም። መታወቂያዬ ላይ አለ፤ እሱን እንግዲህ ምን ላድርገው?

የምጽፍላችሁ ነገር የደረሰብኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ማሽላ ሊታጨድ ሲቃረብ። እኔ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ። ይሄን ግን አልረሳሁትም። እስከ ዛሬ የደረሰ ማሽላ ሳይ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሐይቅ ከተማ የአክስቴ ልጅ ሰዓዳ ቤት ነበርኩ። እናቴን በስልክ «ዘንድሮ ፈቃድ ከለከሉኝ» ብያታለሁ። ውሸቴን ነው። መንደራችን ከሐይቅ ወደ ላይ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር ነው፤ በገበያ ቀን ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከቤት የምወጣው ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር። ለመዝናናት መጥቼ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን እሄዳለሁ።

ሰዓዳ ሐይቁ ዳር ያለ ሎጅ ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። በስምንተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ «ፋጤ፣ ሰማይ ትወጫለሽ?» አለችኝ።

ባሉን የሚያበሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው የሎጁን እንግዶች በየማለዳው ያንሸራሽሩ ነበር። ባሉን ማለት ቤት የሚያክል ፊኛ ነው። ውስጡ ያለውን አየር በእሳት ሲያሞቁት ይነሳል፤ ሰው ከሥሩ በተንጠለጠለ ቅርጫት ውስጥ ቆሞ ይሄዳል። ለማግስቱ ከተያዙት እንግዶች አንዱ ሆዱን አሞት ቀርቶ ነበር። ቦታው ባዶውን ከሚሄድ ዘመድሽ ትግባበት ብለዋታል። እኔም ሰማይ ላይ ማን ያየኛል ብዬ ወዲያው እሺ አልኩ።

ጎህ ሲቀድ ቅርጫቱ ውስጥ ገባን። አብራሪው ዳዊት ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ትንሽ የሚናገር ሰው ነው። ሌሎቹ ሜሮንና ብሩክ የሚባሉ፣ ከተጋቡ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ገና ሳንነሳ ሜሮን ክንዴን ነካ አድርጋ «የኔ ቆንጆ፣ ድምፅሽን ትንሽ ዝቅ ብታደርጊው? የመጣነው ለጸጥታው ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ድምፄ ወፍራም ነው። ልጅ ሆኜ ማሽላ ውስጥ ወፍ ስጠብቅ የተከፈተ ጉሮሮ ነው፤ አልዘጋ ብሎኝ ቀረ። ሻርፔን አፌ ላይ ሳብኩት።

ተነሳን። መነሳታችንን ያወቅሁት ልትሸኘኝ የመጣችው ሰዓዳ ጭንቅላቷ ከእግሬ በታች ሲሆን ነው። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ሐይቁ ቀላ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች የተበተነ ክብሪት መሰሉ። ወዲያ ማዶ ሌላው ሐይቅ፣ አርዲቦ፣ ጉም ለብሷል። ሜሮን አለቀሰች፣ በደስታ። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሐሳቡ ሐይቁን አቋርጠን ማዶ ካለው ሜዳ ላይ ለመውረድ ነበር። ከላይ ያገኘን ነፋስ ግን በሌላ በኩል ይዞን ሄደ። ዳዊት ዝቅ አደረገው፤ ነፋሱ ያው ነው። ከፍ አደረገው፤ ባሰበት። ወደ ፊት ቀና ስል የአምባሰል ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል። እያንዳንዱን ስንጥቅ አውቀዋለሁ። ከሥሩ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል። የእኛ ቤት ነው።

ስምንት ቀን ስደበቅ ከርሜ በሰማይ በኩል ወደ ደጃችን መሄዴ ነበር።

ዳዊት ሬዲዮውን አንስቶ ከታች በመኪና ከሚከተሉን ሰዎች ጋር ተነጋገረ። መንገድ እየፈለጉ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና በዚያው ረጋ ባለ ድምፁ «ገደሉ ጋ ሳንደርስ መውረድ አለብን። ጋዙም ለብዙ አይበቃም» አለ።

«የት?» አልኩት።

በእጁ አሳየኝ። በማሽላ እርሻ መሐል አንድ ጠባብ የግጦሽ ሜዳ አለ። ከሱ ወዲያ ሁሉም ዳገት፣ ከዳገቱ ወዲያ ገደል ነው። «ችግሩ ነፋሱ ነው። ገመድ ስጥል ከታች የሚይዝልን ሰው ካልተገኘ እየጎተተ ይወስደናል።»

ዝቅ አልን። እሳቱን ባቀጣጠለው ቁጥር እንደ በሬ ያገሳል። ልክ ማሽላው ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ቅርጫቱን ጧ አደረገው። ቀጥሎ ብሩክ «ወይኔ!» ብሎ ትከሻውን ያዘ። እግሬ ሥር የእንቁላል ያህል ድንጋይ ወደቀ።

«ማን ነው የሚወረውረው?» አለ ዳዊት።

እኔ ገብቶኛል። ወፍ ማሽላ ላይ የሚወርደው በዚያ ሰዓት ነው። ባለ እርሻው ሁሉ ወንጭፉን ይዞ፣ በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ ላይ ቆሟል። በዚያ ላይ እሳት የሚተፋ፣ ቤት የሚያክል ነገር በደረቀ ማሽላቸው ላይ መጣባቸው። ወላሂ እኔም ብሆን እወረውር ነበር።

ዳዊት አፉን በእጁ ከልሎ «እባካችሁ! ቱሪስቶች ነን!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ድንጋይ ጆሮው አጠገብ እያፏጨ አለፈ።

«ሰምተውሃል» አለ ብሩክ፣ ትከሻውን እንደያዘ። ሜሮን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የጸሎት መጽሐፍ እንደሌላት ደጋግማ ትናገራለች።

በኛ አገር ከሩቅ ዝም ተብሎ አይጮህም። መጀመሪያ ትጠራለህ፣ «ወይ» እስክትባል ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ነው ነገርህን የምትናገረው። ቅርጫቱን ጨብጬ ጉሮሮዬን ለቀቅሁት።

«ባለማሽላዋ ሆይ! ባለማሽላዋ ሆይ!»

ቅርብ ባለው ማማ ላይ አንዲት ሻሿን በግንባሯ ያሰረች ሴት ወንጭፏን እያሽከረከረች ነበር። እጇ ቆመ።

«ወይ! ማነሽ? ሰው ነሽ ጅን?»

«ሰው ነኝ! ወላሂ ሰው ነኝ!»

«ሰው ከሆንሽ የማን ልጅ ነሽ?»

ሜዳው እየቀረበ ነው። የምንወርደው እዚያ ነው፤ ካለፍነው ሌላ የለም።

«ምንድን ነው የጠየቀችሽ?» አለ ዳዊት።

«የማን ልጅ እንደሆንኩ።»

«ታዲያ ንገሪያታ!»

ቀላል መስሎታል። ወንጭፉ እንደገና መሽከርከር ጀመረ።

«የይማም!» አልኩ። «የይማም ልጅ ነኝ!»

«የቱ ይማም?»

በኛ ሰፈር ይማም ብዙ ነው። ሌላ ምልክት ባስብ ይሻል ነበር፤ የመጣልኝን ተናገርኩ። «የአፋፉ ይማም! ጥላ ሥር ተኝቶ ላሙ ገደል የገባችበት!»

ወንጭፉ ወረደ። «ያች አፈኛዋ ነሽ? ሽማግሌ ያባረርሽው?»

«አዎ! እሷው ነኝ!»

ብሩክ ቀና ብሎ አየኝ። ሜሮን እንኳን ስለ ጸሎት መጽሐፉ ማውራቷን አቋርጣ አየችኝ።

«ገመድ እንጥላለን፣ ያዙልን! ገደል መግባታችን ነው!»

«እሳቱን አጥፊው! ማሽላዬ ደርቋል፣ የልጆቼ ጉሮሮ ነው!»

ዳዊት ሰምቷታል። «አንዴ ካላቀጣጠልኩ እንከሰከሳለን» አለኝ።

«አንዴ ብቻ ነው! ግጦሹ ላይ ነው የምንወርደው! ማሽላሽን እሳት አይነካውም፣ ይማም ይሙት!»

ሴትየዋ ወንጭፏን ጣለች። ወደ ዳገቱ ዞራ በኔ ዓይነት ጉሮሮ «እናንተ ሆይ! አትወርውሩ! የይማም ልጅ ናት! ገመድ ያዙ!» አለች። ሌላው ማማ ተቀበላት፣ ከዚያም ሌላው። «የይማም ልጅ ሰማይ ላይ ናት!» እየተባለ ድምፁ በዳገቱ ሲወጣ ሰማሁት። የት ድረስ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ዳዊት ለመጨረሻ ጊዜ አቀጣጠለ፤ አጠፋ። ገመዱን ጣለ። «ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ መያዣውን ጨብጡ፣ እንዳትወጡ!»

ሴትየዋ ከማማዋ ዘላ ወርዳ ገመዱን የመጀመሪያዋ ሆና ያዘች። ጎተታት። በሆዷ ተኝታ እየተጎተተችም አልለቀቀችም። ሁለት ሰዎች ደረሱላት፣ ከዚያ አራት ሆኑ። ቅርጫቱ አፈር ነካ፣ ነጠረ፣ የእርከን ድንጋይ መታ፣ በጎኑ ወደቀ። ሜሮን እኔ ላይ፣ ብሩክ ሜሮን ላይ። ማሽላው ከጎናችን ቀጭ ቀጭ እያለ ሲሰበር ይሰማኛል። ከላይ አንድ ሰው «ወደቁ!» አለ፤ ከሱ በላይ ያለው «ወደቀች!» አለ።

ከዚያ ቆመ።

እየተሳብን ወጣን። ብሩክ ትከሻው አብጧል፤ ሜሮን ጉንጯ ተጭሯል፤ የኔ ጉልበት ደምቷል። ሌላ የለም። ሴትየዋ ሐዋ ትባላለች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ታያለች። ገመዱ መዳፏን ልጦታል። ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል «ተይ እቴ፣ አሁን እሱን ተይ፤ ወፉ!» አለችኝ።

ዞር ስል ማማዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ጠባቂ ሁሉ እኛ ጋ ነው ያለው። ወፉ ማሽላው ላይ ተነጥፏል።

በተላጠ እጇ ወንጭፍ አይወረወርም። ወንጭፏን አንስቼ ማማዋ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድንጋዮች እግሬ ሥር ወደቁ። ሦስተኛው ድንጋይ ግን ደህና ሄደ። ሌሎቹም ወደየማማቸው ተመለሱ። ዳዊት ከብሩክ ጋር ትልቁን ጨርቅ ይጠቀልላል። እኔ «ሃ! ሃይ!» እያልኩ እወረውራለሁ። ሜሮን የሐዋን እጅ በሻርፗ እየጠቀለለች ነበር።

ሰዎቹ ከዳገቱ ሲወርዱ ያየኋቸው ማማው ላይ ሆኜ ነው። አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ይሮጣሉ፤ በሽተኛና ሬሳ የምንሸከምበትን የመንደራችንን ቃሬዛ። ከፊታቸው አባቴ አለ። ጫማ አላደረገም።

«የት ናት?» አላት ሐዋን።

ሐዋ በተጠቀለለ እጇ ወደ ላይ አሳየችው።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ወንጭፉ እጄ ላይ ነው። ትንፋሹ አልተመለሰለትም ነበር።

«እግርሽ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«ወገብሽስ?»

«ደህና ነው።»

«ውረጂ።»

ወረድኩ። ጉልበቴን ጎንበስ ብሎ አየው፤ አልነካውም። ቀና አለ።

«እላይ ሆነሽ የተጣራሽው አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ያዳምጣል። ዳዊት እንኳን ጨርቁን መጠቅለል አቁሟል።

«እሽ፣ የላሟን ነገር ምን አመጣው?»

«የቱ ይማም ብላ ጠየቀችኝ።»

«ሌላ ምልክት አጣሽልኝ?» አለ። ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። አባቴ ወደነሱ ዞረ። «ደግሞ ያን ቀን አልተኛሁም ነበር።»

ከታች የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። የሚከተሉን ሰዎች መንገድ አግኝተው እርሻው ዳር ደርሰዋል። ሜሮንና ብሩክ ወደዚያ ወረዱ። ሜሮን በሩን ከፍታ ያዘችና «ፋጡማ! ነይ እንጂ!» አለች። ጩኸት ድምፅዋን ዘግቶታል።

አባቴ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ።

«በእግርሽ መሄድ ከቻልሽ» አለ፣ «እናትሽ ቁርስ አልቀመሰችም።»

ይህን ብሎ ዳገቱን ጀመረ። ሰዎቹም ቃሬዛውን ባዶውን ተሸክመው ተከተሉት።

ወንጭፉን ለሐዋ መለስኩላት። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ከቃሬዛው ኋላ ኋላ ሄድኩ።