አባቴና የህንዶቹ ሆኪ

አባቴ እግር ኳስ እንዳያይ የከለከለው ሐኪሙ ነው፤ ሆኪውን ያመጣሁበት ግን እኔ ነኝ። 18 ማዞሪያ ከጓደኞቹ ጋር ጨዋታ በሚያይበት ካፌ፣ በባከነ ሰዓት ቡድናቸው ላይ ጎል ሲቆጠር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ሳተ። ልቡ ነው ተባለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ የሚያስደነግጥ፣ የሚያናድድ ነገር አይቅረባቸው» አለን። እናቴ ቃሉን እንደ ግዝት ያዘችው። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ሲመጣ ቻናል ትቀይራለች፤ ጎረቤት ስለ ኳስ ሊያወራ ከገባ በዓይኗ ታባርረዋለች። አባቴም ቀራንዮ ያለው ቤታችን ውስጥ ተዘግቶ ከግድግዳ ጋር መፋጠጥ ጀመረ።

አሳዘነኝ። ስልኬን ስጎረጉር የዓለም ሀገራት ወንዶች የሚወዳደሩበት የሜዳ ሆኪ ሊግ አገኘሁ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ኢትዮጵያ የለችበት፣ ሰፈር ውስጥ የሚያየው የለ፣ የሚያበሽቀው ጓደኛ የለ። ልጅ ሳለ ሸዋ ውስጥ የገና ጨዋታ ተጫውቶ ስላደገ ዱላና ኳስ ማየቱ ደስ ይለው ይሆናል እንጂ ምን ያስደነግጠዋል? እናቴንም «ማንንም የማያውቅ ሰው ለማን ይጨነቃል?» ብዬ አሳመንኳት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በዝምታ አየ። ሲያልቅ «ይሄማ የኛው ገና ነው፤ ሜዳውን ውሃ አጠጡት እንጂ» ብሎ ጋደም አለ። እፎይ አልን። በሁለተኛው ጨዋታ ግን ህንዶች ገቡ። አባቴ ቀና አለ። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሂሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ መምህር ነበሩ፤ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ሹራብ አውልቀው አልብሰውታል። ይህንን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሆኪውን ስመርጥለት ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ህንዶቹ «ልጆቼ» ሆኑ።

ገና ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ሜዳ ላይ ጌታም ሎሌም እኩል ነው፤ ተጋጣሚህን እንዳሻህ ትሞልጨዋለህ፣ የሚቀየምህ የለም። አባቴ ይህንን ወግ ሳሎናችን ድረስ አመጣው። ከዘራውን ገልብጦ እንደ ገና ዱላ ይይዝና ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል። «አንተ ግንዲላ! ጎንበስ በል እንጂ፣ ወገብህን ጅብ በልቶታል?» የአንገቱ ደም ስር ይገተራል። እናቴ «ኧረ በመድኃኔዓለም ተቀመጥ!» ስትለው «ካልሰደብኩ ምኑን ገና ሆነ?» ይላል። ስድቡ ያስቃል፤ እኔና እናቴ ግን መሳቅ አቃተን።

አንዴ ኔትወርክ የለም ብዬ ዋሸሁት። ምሳውን ሳይነካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። ያኛውም አስፈራኝ፤ በማግስቱ መልሼ ከፈትኩለት።

ውድድሩ ወራት የሚፈጅ ነው። በነዚያ ወራት ፍርሃት ከእኔ ጋር ይበላ፣ ከእኔ ጋር ይተኛ ነበር። ሥራ ቦታ ስልኬ ሲጮህ የያዝኩትን ጥዬ አነሳለሁ። ጨዋታ ባለ ቀን ከምላስ ስር የሚደረገውን ኪኒን በመዳፌ ጨብጬ ከሶፋው ጥግ እቀመጣለሁ። ስለ ሆኪ ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቅጣት ኮርና። ተከላካዮቹ ጭንብል ማጥለቅ ሲጀምሩ ኳሱ እንደ ጥይት ሊመጣ ነው ማለት ነው፤ አባቴም ትንፋሹን ይይዛል። ያን ጊዜ ዓይኔን ደረቱ ላይ እተክላለሁ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ካለ አለን።

የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ከሰዓት ነበር። ህንዶቹ ከተጋጣሚያቸው እኩል ወጡ። አሸናፊው እንዲለይ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ፣ ኳሱን እየነዱ ብቻቸውን በረኛው ላይ ሊሄዱ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። አባቴ አልተሳደበም። ከዘራውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ሲሄድ አየሁ። ኪኒኑን ፈልቅቄ እግሩ ስር ተንበረከክኩ።

«አባዬ፣ አመመህ? ልዝጋው?»

«ስንት ለስንት ሆኑ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቻለሁ።

«እኔም አላየሁም» አለ። «አንቺን ሳይ አመለጠኝ። ልጄ፣ ይሄ ውድድር ከተጀመረ አንስቶ አንቺ የምታዪው እኔን ነው። እጄን ባነቃነቅኩ ቁጥር ፊትሽ አመድ ይሆናል። እኔን ኳሱ አያስፈራኝም። አንቺን ባየሁ ቁጥር ግን ‹በቃ፣ ዛሬ ልሞት ነው› እላለሁ።»

እንባዬ መጣ። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪና ኳሱን እዪ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ። አንዱ የህንድ ልጅ ኳሱን እየነዳ መጣ፤ በረኛው ወጣበት፤ ልጁ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ዞረ። ያኔ ከጎኔ ይሰማኝ የነበረው የአባቴ ትንፋሽ ቀጥ አለ። አንገቴ በራሱ ጊዜ ወደ እሱ ሊዞር ፈለገ። እጄን እጁ ላይ አድርጌ ኳሱን ማየቴን ቀጠልኩ።