ሙሀባና የማይነደው ጨርቅ

ሙሀባ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ላይ ለሆቴሎቹ የወንበርና የፍራሽ ልብስ እየሰፋች ነው ልጇን ፋዲላን የምታሳድገው። እንግዲህ በደርግ ጊዜ ነው፣ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ጨርቅ የሚባል ጠፋና የስፌት መኪናዋ ሥራ ፈታች።

ያኔ ታላቅ ወንድሟ ቃሲም፣ ከአሰብ በሚመጡ የጭነት መኪኖች ወፍራም ጨርቅ አስመጣላት።

«ክብሪት ጫሪበት» አላት።

ጫረችበት። ጠቆረ እንጂ አልነደደም። ሲጋራ እንደያዙ እንቅልፍ ለሚጥላቸው ሹፌሮች ሆቴሎቹ ይኸንኑ ነበር የሚፈልጉት።

«ምን ተነክሮ ነው፣ ጋሼ?»

«ጨው ነገር ነው። አንቺ ደግሞ ጥያቄሽ! ዝም ብለሽ ስፊ።»

ወንድሟ ነው፤ አመነችው።

የሮቢት ሙቀት መቼም የታወቀ ነው። እናት ጨርቅ በውኃ ነክራ፣ ልጇን አልብሳ ታስተኛለች። ሙሀባም ከስፌት የተረፈውን ቁራጭ፣ ወፍራም ነው ውኃ ይይዛል ብላ፣ እየነከረች ፋዲላን ታለብሳት ጀመር። ብዙ ሳይቆይ የልጅቱ ገላ ሽፍ አለ፤ ደረቷም ያፏጭ ጀመር።

ክሊኒክ ወሰደቻት። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ስንታየሁ «ምን ለብሳ ነው የምትተኛው?» አለና ቁራጩን አስመጣ። ሳህን ውስጥ በውኃ ዘፈዘፈው፤ ውኃው ወተት መሰለ። ጨርቁን ፀሐይ ላይ አድርቆ ክብሪት ጫረበት። ቦግ አለ።

«እሳቱን የሚከለክለው ነገር ውኃው ውስጥ ቀረ ማለት ነው፣ እትዬ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጅቱ ገላ ላይ ሲያድር ግን ይኸው ነው። ሁለተኛ እንዳይነካት።»

ሙሀባ በቀጥታ ቃሲም ቤት ሄደች፤ ልታስጠነቅቀው። እሱም ሳልህ የሚባል ልጅ አለው። ቃሲም አልነበረም፤ ሚስቱ ዘምዘም ሰማቻትና ሳቀች።

«እኛማ ቤት መቼ ገብቶ! ወላሂ፣ ደጃፍም አያስደርሰው። ‹ያወረዱት ወዛደሮች እጃቸው ተላጠ፣ ሳልህ አጠገብ እንዳላየው› ብሎኝ የለ? ላንቺ አልነገረሽም እንዴ?»

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሙሀባ ወጥታ ሄደች።

በማግሥቱ ቃሲም አዲስ ጥቅል ተሸክሞ መጣ። ሙሀባ ቁራጩን ነክራ፣ ጨምቃ ዘረጋችለት።

«ይውሰዱ፣ ጋሼ። ለሳልህ ያልብሱት። ዛሬ ሙቀቱ በርትቷል።»

ቃሲም እጁን ሰበሰበ። «ኧረ አንቺ ደግሞ...» አለ።

«ጨው ነው አላሉኝም?»

ጥቅሉን እንደተሸከመ ተመለሰ።

የፋዲላ ገላ ዳነ፤ ደረቷ ግን ሙቀት በበረታ ቁጥር ያፏጫል። ቃሲምም ሌላ ሰፊ አላጣም። በዒድ ቀን መጥቶ ልጅቱን ሊስም ጎንበስ ቢል፣ ሙሀባ ሳታስበው ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበቻት።