እማዬ ሆራ ሐይቅ የገባች ዕለት

ልጅ እያለሁ ቃሊቲን ያለፈ ሰው ሁሉ ውጭ አገር የሄደ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ዓለም ከልደታ ማርያም አጥር ተነስቶ፣ በጌጃ ሰፈር ቅያሶች ተሹለክልኮ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የማውቀው አባባ ሲያወራ ብቻ ነው። አባባ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ወሬ ግን እንደ ጉድ ያውቅበታል። በተለይ በጉርምስናው ዘመን ዓባይን በዋና እንዴት እንዳቋረጠ ሲተርክ እኔና ታናሽ እህቴ አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማው። ወንዙ በየዓመቱ ይሰፋል፤ አዞዎቹም በየዓመቱ ይበዛሉ።

እማዬ በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል ዝም ብላ ሥራዋን ትሠራለች። ደጃችን ላይ በከፈተቻት ጠባብ ሱቅ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ስለምትሸጥ ልብሷም ፀጉሯም ቅመም ቅመም ይሸታል። ያደገችው ዝዋይ እንደሆነ እናውቃለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ነግራን አታውቅም፤ እኛም ጠይቀናት አናውቅም።

አባባ ክረምት በመጣ ቁጥር “ዘንድሮ ሶደሬ እወስዳችኋለሁ” ይለናል። ሶደሬ ማለት ለእኛ ፍል ውሃ፣ የመዋኛ ገንዳና ከሰው እጅ ሙዝ የሚነጥቅ ጦጣ ነበር። ክረምቱ ያልፋል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ሶደሬም ለከርሞ ይተላለፋል። አራተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት ግን እህቴ ትዕግሥት አመፀች። ስሟ ነው እንጂ ትዕግሥት የሚባል ነገር በአጠገቧም አላለፈ። ምሳ ላይ እጇን ከትሪው ሰብስባ “ሶደሬ ካልሄድን አልበላም” አለች። አባባ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

“ለምን ደብረ ዘይት አንሄድም?” አለች እማዬ። “ቅርብ ነው። ሐይቅ ሲያዩ ቢውሉ ማን ያስከፍላቸዋል? ምሳችንን ቋጥረን መሄድ ነው።”

“ሐይቅ ማየት ደግሞ ምን ጨዋታ አለው?” አለ አባባ። ፊቱ ግን ፈካ ብሎ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሳይጀመር፣ ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። እማዬ ፍርፍሩን በምሳ ዕቃ አደረገች፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ጨመረችበት፣ ነጠላዋን አጣፋች። አባባ የሥራ ኮቱን ለበሰ። እስከ ሜክሲኮ በእግራችን፣ ከዚያ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቀን ጉዞ ቀጠልን። ዱከምን ስናልፍ የጤፍ ማሳው በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ አይቼ “ሐይቁ ይሄ ነው እንዴ?” ብዬ ጮህኩ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ደብረ ዘይት ያኔ የጋሪ ከተማ ነበረች። ከሚኒባሱ እንደወረድን የፈረስ ላብና የእርጥብ ሣር ሽታ ተቀበለን። አባባ አንዱን ጋሪ ተነጋግሮ ያዘና፣ እየተንገጫገጨን ከተማዋን ዞርን። ጨለለቃ የሚባለው ረግረግ ዳር ስንደርስ ጋሪው ቆመልን። እግረ ረጃጅም ወፎች ውሃው መሀል እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ትዕግሥት ስታጨበጭብ አንድ ላይ ግር ብለው ተነሱ። ከዚያ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ሄድን። ቤቶቹን አልፈን ትንሽ እንደተራመድን መሬቱ በድንገት ያልቃል፤ ገደሉ ሥር ደግሞ ውሃው ተኝቷል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ የአባባን ኮት ጨብጬ ያዝኩ።

“ማነው የቆፈረው?” አለች ትዕግሥት።

አባባ ስለ እሳተ ገሞራ ረጅም ማብራሪያ ጀመረ። እማዬ አልሰማችውም። ጠርዙ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ነፋሱን በረጅሙ ትስብ ነበር። “ውሃ ውሃ ይሸታል” አለች፤ ለማን እንዳለችው እንጃ።

ምሳችንን ሆራ ሐይቅ ዳር፣ ከትልቅ የዋርካ ዛፍ ሥር በላን። ከበላን በኋላ አባባ ልቡ ሞላና የቀዘፋ ጀልባ ካልተሳፈርን አለ። ቀዛፊው ቀጠን ያለ፣ ባርኔጣ የደፋ ጎልማሳ ነው። “አይዟችሁ፣ ሰላማዊ ውሃ ነው” ብሎ ደግፎ አስገባን። አባባ ከፊት ተቀምጦ ዓባይን እንዴት እንዳቋረጠ ለቀዛፊው መተረክ ያዘ። ቀዛፊው በትህትና “እንዴ! ወይ ጉድ!” ይለዋል።

ከዳር ራቅ እንዳልን ውሃው ላይ አንድ ነጭ ላባ ተንሳፍፎ አለፈ። ትዕግሥት አየችው። “ላባ!” ስትልና ስትንጠራራ አንድ ሆነ። ቦጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዘወር ስል እህቴ የለችም።

“ልጄን!” ብሎ አባባ ተነስቶ ቆመ። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ዘመመች።

“ይቀመጡ! እንገለበጣለን!” ብሎ ቀዛፊው ጮኸ።

አባባ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፣ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨመቀ፣ ፊቱ እንደ ጨርቅ ነጣ። የዚያን ጊዜ ነው አንድ ለስላሳ ነገር ጭኔ ላይ ያረፈው። የእማዬ ነጠላ ነው። ቀና ስል እማዬ የለችም፤ ውሃው ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚሰፋ ሞገድ ብቻ ቀርቷል።

ያች ቅጽበት እስከ ዛሬ አላለቀችልኝም። ከዚያ ከጀልባዋ ወዲያ ማዶ የእማዬ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ በአንድ ክንዷ ትዕግሥትን አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ይዛታለች፤ በሌላው ውሃውን እየቀዘፈች፣ ሳትቻኮል፣ ሱቅ ደርሳ እንደምትመለስ ሰው መጣች። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ዘረጋላት። ትዕግሥትን ስበን አስገባን። ሳለች፣ ውሃ አስመለሳት፣ አለቀሰች፣ እማዬን ስታይ ዝም አለች። ከዚያም ዙሪያዋን ፈልጋ፣

“ላባዬስ?” አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ቀዛፊው ነው። ቀጥሎ እማዬ፣ ገና ጀልባዋን ጨብጣ ውሃው ውስጥ እንዳለች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ከት ከት ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ መሰለች።

“እትዬ፣ እርስዎ ዓሣ ነዎት እንዴ?” አላት ቀዛፊው።

ዳር ወጥተን ትዕግሥት በአባባ ኮት ተጠቅልላ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። አባባ የኮቱን አዝራሮች ቆልፎላት ወደ እማዬ ዞረ።

“የት ተማርሽው?”

“ዝዋይ ነዋ። ከወንድሞቼ ጋር ውሃ ውስጥ አይደል ያደግኩት።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?”

“ልደታ የት ልዋኝ? በባልዲ?” አለች ፀጉሯን እየጨመቀች። “ደግሞስ አንተ ዓባይን ስታቋርጥ እኔ በየት በኩል ልግባ?”

አባባ ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን እያት እያት፣ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። እንባው የሳቅ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

የሰፈሩ ሰው ታሪኩን የሰማው ከአባባ አፍ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሱቃችን ደጅ ቆሞ ለመጣው ሁሉ ይተርክ ነበር። ሆራ በየሳምንቱ ሰፋ፣ እማዬም በየሳምንቱ ጠለቀች። እሷ ሽሮ እየሰፈረች “ኧረ ተው ሰው ይታዘብሃል” ትለዋለች፤ ደስታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም። ስለ ዓባይ ግን አባባ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም።

ሶደሬን ሳናየው አደግን። በየመስከረሙ ግን ምሳችንን ቋጥረን ደብረ ዘይት እንሄዳለን። እማዬ ዳር ዳሩን እኔንና ትዕግሥትን ዋና አስተማረችን። መዳፏን ጀርባዬ ሥር አድርጋ “አትታገዪው፤ ተኚበት” ትለኛለች። መቼ መዳፏን እንዳነሳችው ሳላውቅ ነው ተንሳፍፌ የተገኘሁት።

አባባ ካረፈ ቆየ። የጌጃ ሰፈሩ ቤታችን ፈርሶ እማዬና እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገብተናል፤ ከበረንዳችን ላይ ባቡሩ ሲያልፍ ይታያል። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆናለች። በፈጣኑ መንገድ በመኪና ሄደን ልጆቼ ስልካቸውን ጎርጉረው ሳይጨርሱ እንደርሳለን። ጋሪውን ባጃጅ ተክቶታል፤ ሐይቆቹን ሆቴሎች ከበዋቸዋል፤ ድሮ ዝም ብለን የገባንበት ብዙው ቦታ ዛሬ በር አለው። ልጆቼ ዋና የለመዱት በገንዳ፣ በአሰልጣኝና በፉጨት ነው። ጎበዞች ናቸው፤ እኔ በእነሱ ዕድሜ ያልነበረኝ ብዙ ነገር አላቸው፤ ደስ ይለኛል።

ባለፈው መስከረም እማዬን ይዘናት ሄድን። ውሃው ዳር ለመውረድ ክንዴን ያዘች። እኔ እንድደግፋት የፈቀደችልኝ የመጀመሪያዋ ቀን ነበረች፤ ምን ያህል እንደቀለለች ያወቅኩት ያኔ ነው። ጫማዋን አውልቄላት እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። ልጆቼ “በዚህ ዕድሜዋ እንዳትወድቅ” በሚል ዓይን፣ በጥንቃቄ፣ ከኋላዋ ቆመው ይጠብቋታል። እሷ ጎንበስ አለች። ያዞራት መስሎኝ ጠጋ ስል በሁለት እጇ ውሃውን ዝቃ ፊቴ ላይ ረጨችኝ።

“እማማ!” ብለው ልጆቼ ደነገጡ።

እማዬ ከት ከት ብላ ሳቀች፤ ሁለተኛውን እፍኝ ለእነሱ እየዘቀች።