ስሟ የተፋቀበት ጥናት

የብርጓል የዘጌው መሪጌታ ሣህሉ ልጅ ናት። በ1975 ዓ.ም. ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብታ ስትማር የአባቷን ቡና የሚያደርቀውን በሽታ አጠናች። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ እየሄደች አራት መቶ ዛፍ አንድ በአንድ መረመረች፤ የታመመውንም ቅጠል በእጇ ሣለች።

የተማሪዎች ጥናትና ፈጠራ በሚታይበት ዓመታዊ በዓል ጠዋት አዳራሽ ስትገባ ሥዕሎቿ ተሰቅለዋል። ግርጌው ላይ የተጻፈው ግን የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር የክንዱ ስም ነው። ክንዱ ዘጌን ረግጦ አያውቅም።

ደሟ ፈላ። መምህሯን አቶ አንዳርጋቸውን ፈልጋ፣ "ከሥዕሎቼ ላይ ስሜን ማን ፋቀው?" አለቻቸው።

"ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው" አሉ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። "ሥራው የጋራ ነው ተብሏል። ዝም ብትዪ ይሻልሻል።"

"ዛፎቹን የቈጠርሁ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የጋራ አልነበረም።"

የበዓሉ እንግዶች ገብተው ክንዱ ማስረዳት ሲጀምር የብርጓል ወደ ግድግዳው ሄደች። በሁሉም ፊት የክንዱን ስም በእስክሪብቶ ሰርዛ የራሷን ጻፈች።

በዚያው ሳምንት ከኮሌጁ ተባረረች። ዘጌ ተመልሳ ከአባቷ ጋር የታመሙትን ዛፎች እየነቀለች አዲስ ችግኝ ተከለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ አቶ አንዳርጋቸው ይቅርታ ሊጠይቁ ቤቷ ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠቻቸው፤ ምሳም አቀረበችላቸው።

"ክንዱንስ ረስቼዋለሁ" አለቻቸው። "እያወቁ ዝም ያሉት ግን እርስዎ ነዎት። ይቅር አላልሁዎትም።"

አቶ አንዳርጋቸው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።