ሥጋው ከመድኃኒቱ ጎን

የሆስፒታሉን መድኃኒት ቤት የምታጸዳውን ሴት ሁሉም «አፍንጮ» ይላታል። ሽታ ከሩቅ ትለያለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ትውከት ስትጠርግ ኖራ እንኳ አልለመደችውም። «የለመድኩ ቀን እኔም ቆሽሻለሁ ማለት ነው» ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ አናጢ ነው። ደሙ ውስጥ ያለው፣ ሐኪሞቹ ኮምፕሊመንት የሚሉት ከበሽታ የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ራሱ ጅብ ሆኖ ኩላሊቱን ይበላዋል። በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው መድኃኒት የዚያን ዘበኛ እጅ ይይዛል። ከጀመረው ወዲህ የፊቱ እብጠት ጎደለ፤ ሽንቱም አረፋ መድፈቁን ተወ። መድኃኒቱ ግን ፍሪጅ እንጂ በረዶ አይወድም፤ በረዶ ከሠራ አለቀለት።

በመርፌው ቀን ጠዋት ፍሪጁን ልትወለውል ስትከፍት ሽታው ወደ ኋላ ገፋት። በስስ ፌስታል የተቋጠረ ጥሬ ሥጋ! ደሙ ካርቶኖቹ ላይ ተንጠባጥቦ ረግቷል። የወንድሟን ብልቃጥ ከላይ በረዶ ቤቱ ውስጥ አገኘችው፤ ድንጋይ ሆኗል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ፋርማሲስቱ ከወንበሩ አልተነሳም። «ትናንት ለቤት የገዛሁት ነው። ቦታ ጠበበኝና ያንን ወደ ላይ አወጣሁት።»

«መድኃኒቱ በረዶ ሆኗል እኮ!»

«ይቀልጣላ! ከቀለጠ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ወለልሽን እወቂ።»

ከሥጋው ይልቅ ሰውየው ሸተታት። ብትናገር የወንድሟ መርፌ ሊዘገይ ነው፤ ዝም ብትል የተበላሸ ውሃ ሊወጉት። ፌስታሉንና ብልቃጡን ትሪ ላይ አድርጋ መርፌ ክፍል ገባች። ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል።

«እጅጌህን አውርድ» አለችው።

ወንድሟን የምታክመው ሐኪም ትሪውን አይታ አፍንጫዋን ያዘች፤ ነገሩን ስትሰማ ስልክ አነሳች። ሌላ ሆስፒታል አንድ ብልቃጥ ተገኘ፤ የሚደርሰው ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

«እህት ዓለም፣ ሦስት ቀን?» አለ ወንድሟ ፈርቶ።

«ትጠብቃለህ! የዚያን ሰውዬ እጣቢ አትወጋም።»

ፋርማሲስቱ በሩ ላይ ብቅ አለ። «እሺ፣ ሥጋዬስ?»

ሐኪሟ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች። «እሱ አለቃህ ዘንድ ይሄዳል።»

በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ፊቱ እንደገና አብጦ መጣ። የሌላው ሆስፒታል ሾፌር መድኃኒቱን በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዞ ሲደርስ ፋርማሲስቱ እጁን ዘረጋ፤ አፍንጮ ቀደመችው።

«ይሄ የእርስዎ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም» አለችና በቀጥታ ወደ መርፌ ክፍል ወሰደችው።