የጎረቤት ሳይረን

ባህሩ ከጉራጌ አገር መጥቶ ባሌ ሮቤ ላይ ብትን ጨርቅ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሱቁ ጠባብ ቢሆንም ደንበኛ አያጣም፤ ማራቸውን ሸጠው የሚመለሱ የሪራ ገጠር ሰዎች ሳይቀሩ ለሚስቶቻቸው ቀሚስ የሚያስቆርጡት ከእሱ ዘንድ ነበር። ኑሮው ደህና ነው። ሰላም የነሳው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ አብዱልሃኪም ነው። ሁለቱ ሱቅ የከፈቱት ባንድ ዓመት ነበር። አብዱልሃኪም በባትሪ ድንጋይና በሬዲዮ ጀመረ፤ ሞባይል ሮቤ ሲገባ አብሮ ተነሳና ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ መደርደር ያዘ። ባህሩ እዚያው ጨርቁ ላይ ቀረ።

ይህንንስ ችሎት ነበር። ያልቻለው ሳይረኑን ነው።

አብዱልሃኪም ከአዲስ አበባ የሌባ ማስጠንቀቂያ ሳይረን አስመጥቶ በሩ ላይ አስተከለ። ነፋስ የብረት መዝጊያውን ሲነቀንቀው ይጮሃል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይጮሃል፤ ድመት ጣራው ላይ ስትዘል ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ፖሊሶች ከጣቢያ እየሮጡ ይመጣሉ፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አብዱልሃኪምም "አስለፋኋችሁ፣ አፉ በሉኝ" እያለ ለሁሉም ሻይ ያዛል።

"ምን ያድርግ፣ የሚሰረቅ ያለው ሰው ነው!" ይላል አላፊ አግዳሚው።

ባህሩ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ያርራል። የእሱን ሱቅ የትኛው ሌባ ይመኘዋል? ምሳ ላይ ሚስቱን ሙሉሃብትን "ለእኔ ፖሊስ ሮጦ ያውቃል?" ቢላት፣ "ሌባ ናፈቀህ እንዴ?" ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም።

ፖሊሶቹም ሰለቻቸው። አለቃቸው ሳጅን ጫሊ ባህሩንና አብዱልሃኪምን ሱቅ በራፍ ላይ አቁሞ፣ "ኦቦ አብዱልሃኪም፣ ያለን ሰው ጥቂት ነው" አለ። "ገበያ ውስጥ ሰው ሲፈነካከት እኛ እርስዎ በር ላይ ነፋስ እንጠብቃለን። ከእንግዲህ ሲጮህ መጀመሪያ ለጎረቤት እንደውላለን። አይቶ ሌባ ነው ካለን እንመጣለን፤ ነፋስ ነው ካለን አንመጣም። ማን ይሁንልዎ?"

"ከባህሩ ሌላ ማንን አምናለሁ? ወላሂ ወንድሜ ነው!" አለ አብዱልሃኪም የባህሩን ትከሻ አቅፎ።

ባህሩ "እሺ" አለ። ወደ ሱቁ ሲመለስ ግን "ደግሞ ዘበኛው አደረገኝ" እያለ ያጉረመርም ነበር። ከዚያ ወዲያ በጮኸ ቁጥር መቀሱን አስቀምጦ፣ ደንበኛ አቁሞ ይወጣል፤ መዝጊያውን ነካ ነካ ያደርግና "ነፋስ ነው" ብሎ ለጣቢያው ይናገራል።

አንድ ዓርብ አብዱልሃኪም ሱቁን ቆልፎ ለጁምዓ መስጊድ ሄዷል፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ባህሩን ጠዋት የሰማው ወሬ እያንገበገበው ነበር፦ አብዱልሃኪም ጎባ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው። በዚህ መሃል ሳይረኑ ጮኸ። ባህሩ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። "ይጩህ! ጎባ ድረስ ይሰማለት!" አለ። ስልኩ ጠራ።

"ኦቦ ባህሩ፣ አዩት?" አለ ሳጅን ጫሊ።

"አየሁት። ነፋስ ነው።"

ስልኩን እንደዘጋ ሳይረኑም ድንገት ተቋረጠ፤ ከግድግዳው ወዲያ ካርቶን ሲቀደድ ሰማ። ክው አለ። ወጥቶ ቢያይ ቁልፉ ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል፤ መዝጊያው ገርበብ ብሏል።

ተመልሶ ገብቶ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? የጎባውም ሱቅ ይቀር ነበር። ሐሳቡ ጣፈጠው፤ መጣፈጡ ደግሞ አስደነገጠው። ስልኩን አንስቶ ደወለ። "ሳጅን፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ሳላይ ነው የነገርኩህ። ሌባ ነው፣ ድረሱ!"

ወዲያው አንድ ሰው የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ከአብዱልሃኪም ሱቅ ወጣና ባህሩን ገፍትሮት ሮጠ። ባህሩም "ሌባ! ሀቱ! ያዙት!" እያለ ተከተለው። ፖሊሶቹ መናኸሪያው አጠገብ፣ ወደ አጋርፋ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ሲንጠላጠል ያዙት።

ሳጅን ጫሊ ባህሩን ወደ ጥግ ወሰደው። "የመጀመሪያውን ነገር ከእኔ ማንም አይሰማውም። ለምን እንዳደረጉት ግን ይንገሩኝ።"

"ቀናሁ" አለ ባህሩ።

በማግስቱ አብዱልሃኪም አዲስ ሞባይል አምጥቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠለት። "አንተ ባትኖር ባዶ እጄን ቀርቼ ነበር" ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባህሩ ሞባይሉን ሲያይ ቅናቱ እንደገና ተነሳበት፤ ሞባይል በስጦታ ለመስጠት የበቃውም አብዱልሃኪም ነዋ! ለሙሉሃብት ሰጣት። እሷ በደስታ ስታወራበት እሱ ተነስቶ ይወጣል።

አብዱልሃኪም የጎባውን ሱቅ ከፈተ፤ እዚያም ሳይረን አስተከለ። ባህሩ ይህን የሰማ ዕለት ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን የጎባ ሰው ያዘና፣ "ሲጮህ የሚያይለት ማነው?" ብሎ ጠየቀው።

"አጠገቡ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። በጣም ያምነዋል አሉ።"

"በጣም?" አለ ባህሩ፤ ያን አይቶት የማያውቀውን ልብስ ሰፊ በሆዱ እየጠላው ጨርቁን ይለካ ጀመር።